የጨመረው የፍሬን ዘይት

«ርገጪ!»

ሲና ረገጠች።

«ያዢ! አትልቀቂ… አሁን ልቀቂ!»

ከመኪናው ሥር የሚወጣው የአባቷ ድምፅ የጣናን ጉማሬዎች በሙሉ ከእንቅልፍ የሚያባንን ነበር። አባቷ አካሉ ዝገት የበላቸውን የፍሬን ቱቦዎች እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ሲቀይር ነው ያረፈደው። ጋራዥ መሄድ ለእሱ ውርደት ነው፤ እንደሚለው ከሆነ ከባሕር ዳር እስከ ካርቱም እንደ እሱ ፍሬን የሚያውቅ ሰው ገና አልተወለደም። አሁን የቀረው ከአዲሶቹ ቱቦዎች አየሩን ማስወጣት ብቻ ነው። ሲና ፔዳሉን ትረግጣለች፣ እሱ ከታች ብሎን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቀኝ እግሯ ለብቻው ጎርጎራ ደርሶ የተመለሰ መሰላት።

«በቃ! ከዚህ በኋላ ይህቺ መኪና ከሰማይ ብትወረወርም አየር ላይ ቀጥ ትላለች!» አለና ከሥሯ ወጣ። ፊቱ ጠቁሮ የሚታየው ጥርሱ ብቻ ነው። ኮፈኑ ሥር ያለውን የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያ አሳያት። «እዪ፣ ልክ መስመሩ ላይ ነው። ውኃ ከገባበት ግን አለቀልን። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ውኃው ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል።»

ነገ ማልደው ለአጎቷ ሠርግ ወደ ጎንደር ይሄዳሉ። ከአዲስ ዘመን ከተማ ወዲያ ያለውን ቁልቁለት ሲና ታውቀዋለች፤ ፍሬን እያለም እንኳ ዓይኗን ጨፍና ነው የምታልፈው።

ምሳ በልታ ስትመለስ ኮፈኑን ከፍታ አየች። ዘይቱ ከመስመሩ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሏል።

«አባዬ፣ ዘይቱ ጨምሯል!»

«ዘይት ይወልዳል እንዴ?» አለ አባቷ ከቤት ውስጥ። «ስልክ ላይ ስታፈጪ ዓይንሽ ጠፍቶ ነው!»

ሲና ግን ዓይኗን ታምነዋለች። በምሳ ሰዓት ግቢ የገባው የጎረቤታቸው ልጅ ሙአዊያ ነው፤ ያዋሳቸውን መፍቻ ሊወስድ። በፊዚክስ ፈተና ስለበለጠችው «ቆዪ ብቻ!» ብሏት አልነበረም? ቅድም ሰላም ሲላት ፈገግታው አልበዛም? ከመኪናዋ ተነሥታ የእነሱ ቤት በር እስክትደርስ አንድ እስር ቤት የሚሞላ ወንጀል ፈጠረችለት።

«ዘይቱ ላይ ምን ጨመርህበት?» አለችው።

«የምን ዘይት?»

«አትሸውደኝ! ከአንተ ሌላ የገባ የለም።»

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው? መፍቻዬን አንሥቼ ወጣሁ። ካላመንሽ እማሆይን ጠይቂያቸው፤ መኪናዋ አጠገብ ነበሩ።» በሩን ድርግም አድርጎ ዘጋባት።

እማሆይ ወለተ ሚካኤል የአባቷ አክስት ናቸው፤ ትናንት ከደቅ ደሴት በጀልባ የመጡ መነኩሲት። ሲና ስትመለስ በረንዳው ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠው አገኘቻቸው። አጠገባቸው ጠበል ያመጡበት ቢጫ ጀሪካን አለ። ከጀሪካኑ እስከ መኪናዋ አፍንጫ ድረስ ውኃ ተንጠባጥቧል።

ሲና ጠብታዎቹን በዓይኗ ተከተለቻቸው።

«እማሆይ፣ መኪናዋን ጠበል ረጭተዋታል?»

«ረጨኋት እንጂ! ጎማዋን፣ በሯን፣ መሪዋን። የምትጠጣበትንም ከፍቼ አጠጣኋት።»

«የምትጠጣበትን?»

«አባትሽ ከጠርሙስ ሲያጠጣት አየሁ። እሱ ያጠጣትን ጠጥታ የእኔን ጠበል እንቢ ልትል ነው?»

ሲና አጠገባቸው ቁጭ ብላ ስለ ቁልቁለቱ፣ ስለ እንፋሎቱ፣ ስለሚሰምጠው ፔዳል ነገረቻቸው። የእማሆይ ጣት መቁጠሪያው ላይ ቆመ።

«እኔ እኮ መንገዳችሁ እንዲቃና ብዬ ነው…» ድምፃቸው ቀጠነ። «ለአካሉ አትንገሪው፣ የኔ ልጅ። እሱ እንደሁ ሠርግ ቤት ሙሉ ሰው ሰብስቦ ነው የሚያወራብኝ።»

«ሲና! ዘይቱን ማን ነው የነካው?» አባቷ የተከፈተው ኮፈን አጠገብ ቆሟል።

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሙአዊያ ውኃ ጨመረበት ብትል አባቷ ያምናታል፤ ዘይቱን ይቀይራል፣ እማሆይም አያፍሩም። ሙአዊያ ድርግም አድርጎ የዘጋባት በር ትዝ አላት።

«አንዴ ቆየኝ፣ አባዬ» አለች። ከዚያ ወደ እማሆይ ጎንበስ ብላ፣ «መዋሸት አልችልም፣ እማሆይ። ብቻዎን ግን አይነግሩትም፤ አብሬዎት እቆማለሁ» አለቻቸው።

እማሆይ መቁጠሪያቸውን አንገታቸው ላይ አጠለቁ።

«ዘይቱ ይደፋል ማለት ነው?»

«ይደፋል።»

«ጠበል የነካው ነገር ሰው በሚረግጠው ቦታ አይደፋም። ንጹሕ ዕቃ አምጪ።»

ሲና አዲሱን የፕላስቲክ ሳፋ አጥባ አመጣች። በግራ እጇ ሳፋውን፣ በቀኝ እጇ የእማሆይን ክንድ ይዛ ወደ አባቷ ሄደች።