የቃላት ሰብሳቢው ሞት

የኔታ መርስዔ ኃዘን ሞላሌ በሚገኘው ቤታቸው፣ የቃላት ካርዳቸው በተደረደረበት ክፍል፣ መደብ ላይ ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው ማንደጃ ነበር፤ መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ጎረቤቱ «የከሰል ጭስ ነው፤ የእግዜር ሥራ!» ብሎ ለቅሶ ተቀመጠ። ልጃቸው ወለተጊዮርጊስ ብቻ ደረቷን እየደቃች «ከሰሉን ማን አስገባው?» ትላለች። የሚሰማት አልነበረም።

ምክትል ኢንስፔክተር ጥሩሸዋ ሰማቻት። የሰውን ሥራ በእግዜር ላይ መለጠፍ አትወድም።

ሟቹ ሠላሳ ዓመት የመንዝን ቃላት ከገበሬው አፍ ለቅመዋል። እሳቸውን የመንዝ ቃላት ኃላፊ አድርጎ አዲሱን የተማሪዎች መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጀው ኮሚቴ ግን ግማሾቹን «የገጠር» ብሎ ሊጥል የእሳቸው ፊርማ ብቻ ቀርቶታል። እሳቸው ከሌሉ የሚፈርመው ምክትላቸው ነው።

በሞቱበት ቀን፣ ወለተጊዮርጊስ ገበያ ሳለች፣ ሁለት ሰዎች መጥተው ነበር። አንዱ የአማርኛ መምህሩ ይታየው ነው።

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለችው ጥሩሸዋ።

«ጮኼባቸዋለሁ፣ አልዋሽም። ተማሪዎቼ የቤታቸውን ቃል ጽፈው ፈተና ይወድቃሉ፤ አንድ መልክ ይያዝ አልኳቸው። ያን ወፍራም የሱፍ ባናቸውን ተከናንበው ሳቁብኝ።»

ሁለተኛው ምንይሉ ነው፤ የኔታ አሳድገው ያስተማሩት፣ ምክትላቸውም ያደረጉት። ላለፉት አራት ዓመታት አዲስ አበባ ኮሚቴው ዘንድ ሲሠራ ቆይቶ ያን ቀን መምጣቱ ነው። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል።

«ከምሳ በኋላ ተሰናብቻቸው ወጣሁ» አለ። «እንደ ልማዳቸው እሳታቸውን እየሞቁ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው ነበር።»

በሣልስቱ ማግስት ጥሩሸዋ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ወለተጊዮርጊስ፣ ያን ቀን ባናቸው የት ነበር?»

«ከበሩ ውጭ። ስገባ እግሬን ጠለፈኝ።»

«ብርድ የሚፈራ ሽማግሌ ባናውን ውጭ ጥሎ አይተኛም። የበሩን ስር ከውጭ የደፈነበት ሰው አለ። ለመሆኑ ማንደጃ እያለ ለምን ባና ይከናነባሉ?»

«ከሁለት ዓመት በፊት ፍም ተፈናጥሮ ካርድ አቃጠለባቸው። ከዚያ ወዲህ እዚህ እሳት አይገባም፤ ሻማ እንኳ።»

ይታየው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«እናንተ ሁለታችሁ ይህን ታውቃላችሁ» አለች ጥሩሸዋ። «በከሰል አደጋ ሞቱ ለማሰኘት የሚሞክር፣ ደንቡ መለወጡን ያልሰማ ሰው ነው። ምንይሉ፣ እሳታቸውን እየሞቁ ነበር ያልከኝ አንተ ነህ። ያ አንተ ከአራት ዓመት በፊት የምታውቀው ልማዳቸው ነው። ያን ቀን እሳት ካየህ፣ ያስገባኸው ራስህ ነህ።»

ምንይሉ ካርዶቹን ቀና ብሎ አየ።

«ለመንኳቸው» አለ። «ሽፋኑ ላይ ስሜ ሊወጣ ነበር። አልፈርምም አሉኝ። እንቅልፍ ሲጥላቸው ማንደጃውን አስገባሁ።»

ያጎረሰ እጅ ተነከሰ ማለት ይህ ነው። ወለተጊዮርጊስ አላለቀሰችም። ከመቀነቷ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ አነበበች፦

«ካርዶቼን በሙሉ ለልጄ ለምንይሉ አውርሻለሁ። እኔ ባልፍ፣ ከቃሎቼ አንዱን እንኳ አይጥልብኝም።»

«ትመጣለህ ብለው ሰኞ ዕለት የጻፉት ነው» አለችው። «እኔ የአብራካቸው ክፋይ ስሆን ለአንተ ሲሰጡ አልከፋኝም ነበር።»

ምንይሉ ወረቀቱን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ጥሩሸዋ ካቴናውን ያሰረችው ያኔ ነው።