ከስምንቱ እንቁላል ሁለቱ

ልብስ ሰፊዋ የአዝራር ጣሳዋን ከፍታ እጇን ልትሰድ ስትል ከውስጥ ሁለት ዓይኖች ቀና ብለው አዩዋት።

የምትጮህ ሰው አልነበረችም። ክዳኑን ቀስ ብላ መለሰች፤ ትልቁን መቀስ ከላይ ጫነችበትና ጀርባዋን ላብ እያጠመቃት ተቀመጠች። ብዙም አልቆየ፣ በሩ ተንኳኳ።

«ይቅርታ እህቴ... ከላይኛው ፎቅ ነኝ። የጠፋችብኝ ነገር አለች።»

«ምን ዓይነት ነገር?»

«እንሽላሊት።»

«ቢጫ ናት? ጥቁር ነጠብጣብ ያላት?»

«አዎ፣ እሷው ናት።»

«ከአዝራሮቼ መሀል እጅ ከፍንጅ ይዣታለሁ። ዋስ ካላቀረበች አትወጣም።»

«ዋሷ እኔ ነኝ» አለ እየሳቀ። ጣሳውን ሲከፍት ግን ሳቁን ተወ። አራስ ልጅ እንደሚያነሳ ሰው፣ መዳፉን ከስር አስገብቶ ቀስ ብሎ አነሳት። ልብስ ሰፊዋን የማረካት ይሄ አያያዙ ነው። እንዲህ የሚይዝ እጅ ክፉ አያደርግም ብላ አሰበች። ሴት ልጅ በእጅ አያያዝ ብቻ ስንት ጊዜ ተታለለች!

ሰውየው ጌኮ የሚባሉትን የቤት እንሽላሊቶች አርብቶ ለወዳጆቻቸው የሚሸጥ ነበር። የሕንፃው ሰው «እንቁላል ጠባቂው» ይለዋል። እሷን ደግሞ «መርፌ» ይሏታል፤ አንድም ቅጥነቷን፣ አንድም ምላሷን አይተው። መርፌና እንቁላል ጠባቂው ከዚያን ቀን ጀምሮ ደረጃ ላይ መገናኘት አበዙ። ሱሪው በየሳምንቱ መቀደድ ጀመረ።

«ይሄ እኮ በምላጭ የተቀደደ ነው» አለችው አንድ ቀን፣ ጨርቁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ።

«ታውቆብኛል?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ። በሚቀጥለው ሱሪህን ሳትጎዳ ዝም ብለህ ና።»

ዝም ብሎ መጣ። መምጣቱንም አላቋረጠ።

ያሳደገቻት አክስቷ ግን ነገሩ አልዋጥልሽ አላት።

«አንቺ ልጅ፣ ቤቱን በእንሽላሊት የሞላ ሰው አይከብድሽም?»

«እትዬ፣ እነሱ እኮ አይናከሱም።»

«እኔ ስለነሱ መቼ አወራሁ?»

ስድስት ወር አለፈ። እንቁላል ጠባቂው ለሦስት ቀን ራቅ ወዳለ ቦታ የሚሄድበት ጉዳይ ገጠመውና የክፍሉን ቁልፍ ሰጣት። አውቶቡሱ ሊያመልጠው ነበር፤ አንድ እግሩ ደረጃው ላይ ነው።

«ውሃ ስጫቸው። የእንቁላሎቹን ሳጥን ደግሞ አየት አድርጊልኝ፤ እርጥበቱ እንዳይጠፋ። ከነሱ የሚፈለፈሉት ነጭ ይሆናሉ፤ እንደነሱ ያለ ማንም የለውም። እነሱ ሲፈለፈሉ አክስትሽን አነጋግራለሁ።»

ይህን ብሎ ወረደ። ዋናውን ነገር አልነገራትም።

በሁለተኛው ቀን የማሞቂያውን ሳጥን ከፈተች። ስምንት ነጫጭ እንቁላሎች እርጥብ አሸዋ ውስጥ ግማሽ ድረስ ተቀብረዋል። በእያንዳንዱ አናት ላይ የእርሳስ ነጥብ አለ። አንዳንዱ ላይ አሸዋ ተጣብቋል። ልብስ ሰፊ ደግሞ የጠመኔ ምልክቱን ሳያጠፋ ልብስ አያስረክብም፤ እጇ ሌላ ነገር አልለመደም። እርጥብ ጨርቅ አመጣች። አንድ በአንድ እያነሳች፣ በመዳፏ እያገላበጠች፣ ንጹሕ አድርጋ ጠረገችና መልሳ በመስመር ደረደረቻቸው። ሥራዋን አይታ ደስ አላት።

በማግስቱ ደወለ።

«እንቁላሎቹ እንዴት ናቸው? ነጥቦቹ ወደ ላይ ናቸው አይደል?»

«ነጥቦቹ... ለምንድን ናቸው?»

«የዶሮ እንቁላል ይገለበጣል። የነዚህ ግን ከተገለበጠ ውስጥ ያለችው ትንሿ ትሰምጣለች። የላዩ ጎን እንዳይጠፋብኝ ነው ነጥብ የማደርግበት። አልነገርኩሽም እንዴ?»

«አልነገርከኝም።»

«ይኸው ነገርኩሽ። ናፍቀሽኛል።»

ያኔውኑ ተናግራ ቢሆን! እሷ ግን «እኔም» ብቻ አለች። ስልኩ ሲዘጋ ወደ ላይ ሮጣ ወጣች፤ እርሳስ ፈለገችና በስምንቱም አናት ላይ፣ በግምት፣ ነጥብ አደረገች። ስትቸኩል የአንዱ ነጥብ ጭረት ሆነ።

እሱ ተመልሶ ሳጥኑን ከፈተ፣ አየ፣ «ጎበዝ» አላት።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። የሱቋ ጣሪያ የሱ ወለል ነው። ኮቴው ወደ ሳጥኑ ጥግ ሲሄድ ስፌት ታቆማለች፤ ሲመለስ ትቀጥላለች። የደንበኛ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። ሊነግራት ሲወርድ፣ ከመድረሱ በፊት ወሬውን ከእርምጃው ለመገመት ትሞክራለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እርምጃው ከባድ ሆነ።

«ሁለቱ ቀናቸው አልፎ አልተከፈቱም። ቀደድኳቸው» አለ። «ሙሉ ሆነው አድገው ሞተዋል።»

ሌሎቹ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተፈለፈሉ። ባይፈለፈሉ ይሻል ነበር። የመጀመሪያዋ ጀርባዋ እንደ መንጠቆ ታጥፏል። የሁለተኛው መንጋጋ ወደ ጎን ስለዞረ ፌንጣ መያዝ አልቻለም። አንዱ ያለ ዓይን ወጣ። ሌላው ከእንቁላሉ ግማሽ ወጥቶ እዚያው ቀረ። ሁሉም እንደተባለው ነጭ ናቸው። ከስድስቱ በሕይወት የቀሩት ሦስት ብቻ ነበሩ።

እንቁላል ጠባቂው ከሳጥኑ ፊት ተቀምጦ ዝም አለ። ምን ነካቸው ብሎ አልጠየቀም። ልብስ ሰፊዋ የያኔውን ዝምታ ልብ አላለችውም፤ የራሷ ጥፋት ጆሮዋን ደፍኖት ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑ?»

«እኔ ነኝ ያገላበጥኳቸው። ነጥቦቹን ጠርጌያቸው ነበር... መልሼ የሳልኳቸው እኔ ነኝ። ዋሸሁህ።»

ማልቀስ ጀመረች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ትከሻው ሸክም እንዳወረደ ሰው ዝቅ አለ። እሷ ፍቅር መሰላት።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አላት።

«ስምንቱንም?»

«ስምንቱንም።»

እጁን ይዛ ሳመች። በዚያው ሳምንት አክስቷን አነጋገረና የሠርጉ ቀን ተቆረጠ።

ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ።

«ከተጋባን በኋላ ሱቁን ትዘጊዋለሽ» አላት አንድ ቀን፣ ሻይ እየጠጣ።

«ለምን ሲባል?»

«እኔ ስምንት ነፍስ ይቅር ስልሽ አንቺ አንድ ሱቅ ይከብድሻል?»

ፈገግ ብሎ ነው የተናገረው። እሷም ፈገግ አለች፤ ምን ትበል? አክስቴ ብቻዋን ናት፣ ከኛ ጋር ትኑር ብትለው ያችው ስምንት መጣች። ሻዩ ሲቀዘቅዝ፣ ደንበኛ ሲያስቆያት፣ ስልክ ሳትሰማ ስትቀር፣ ስምንቱ ቆመው ይጠብቋታል። የልብስ ስፌት መኪናዋን የሚገዛ ሰው ማፈላለግ ጀመረች። ምላሷም ታሰረ። አክስቷ ከጥግ ሆና ታያታለች።

«መርፌዬ፣ ዶለዶምሽብኝ።»

«ደህና ነኝ፣ እትዬ።»

«ምን አድርገሽዋል?»

«በድዬው ይቅር ብሎኛል።»

«ይቅር ያለ ሰው ይረሳል የኔ ልጅ። ይሄ ግን ነጋ ጠባ እንደ ጸሎት ይደግመዋል።»

ሠርጉ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ጀርባዋ የታጠፈው መብላት አቆመች። «ተያት፣ እንደሷ ያለችው አትቆይም» አለ እንቁላል ጠባቂው። ልብስ ሰፊዋ መተው አልሆነላትም። ትንሽ የጫማ ካርቶን ውስጥ ለስላሳ ቁራጭ ጨርቅ አነጠፈች፣ ትንሿን አስተኛችና ሳትነግረው ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰደቻት።

ሐኪሟ ሸምገል ያሉ ሴት ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ትንሿን በጣታቸው ዳበሱ።

«እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኳት፣ ዶክተር። እንቁላሏን ገልብጬው ነበር።»

«የተገለበጠ እንቁላል ይገድላል፣ ልጄ። አከርካሪ አያጥፍም፤ ዓይን አያጠፋም። ስንት ነበሩ?»

«ስምንት። ሁለቱ ሳይወጡ ሞቱ። ስድስቱ እንዲህ... የተበላሹ ሆነው ወጡ።»

«ሁለቱ ያንቺ ሊሆኑ ይችላሉ። ስድስቱ ግን ያንቺ አይደሉም። ሳጥኑ ሙቀቱ ጨምሮ ነበር?»

«ኧረ አልጨመረም። በየቀኑ ይጽፈዋል፤ አይቼዋለሁ።»

ሐኪሟ ነጩን ቆዳ በብርሃን አዩት። «ነጭ...» አሉ። «ይሄ የዚያ የእንሽላሊት አርቢ ዘር አይደለም?»

«ነው። አባትየው ከሩቅ አርቢ የመጣ ነው ብሎኛል።»

ሐኪሟ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

«እናትና አባታቸውን በአንድ ካርቶን ይዞ መጥቶ ያስመረመረው እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው። ወንድምና እህት ናቸው። ነጭ እንዲወጣልኝ ላዳቅላቸው ሲለኝ፣ ተው፣ ጎባጣና ዕውር ታወጣለህ ብዬው ነበር። ማስጠንቀቂያውን በዚህ እጄ ነው የጻፍኩለት።»

ልብስ ሰፊዋ ካርቶኑን ታቅፋ ወጣች። መንገዱን እንዴት እንደተሻገረች አታስታውስም። ደረጃውን ስትወጣ በሱቋ በኩል አልፋ በቀጥታ ላይኛው ፎቅ ደረሰች።

«የት ሄደሽ ነው? ስደውል—»

«ወንድምና እህት ናቸው?»

እጁ ላይ የነበረው የፌንጣ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። አልካደም። ይሄን አንድ ነገር ልንመሰክርለት ይገባል፤ አልካደም።

«ሐኪሟ ጋ ሄድሽ።»

«ስነግርህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሳለቅስስ?»

ቁጭ አለ። «አፍሬ ነበር። ተነግሮኝ አልሰማ ብዬ ያደረግኩት ነው፤ ለማን እንደምናገረው አላውቅም ነበር። ከዚያ አንቺ መጥተሽ እኔ ነኝ አልሽ... እውነቱን ልንገርሽ፣ እፎይ አልኩ። አንድ ቀን እነግራታለሁ አልኩ። ከዚያ ደግሞ...»

«ከዚያ ደግሞ ጠቀመህ።»

ከወዲያ ጥግ አንዷ እንሽላሊት አሸዋ ስትጭር ይሰማል።

«ሁለቱን እኔ ገድያለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ፈርቼ ዋሽቼሃለሁ፤ እስከ ዛሬ ያመኛል። ለነሱ ይቅር ብለኸኝ ከሆነ እግዜር ይስጥልኝ። ስድስቱን ግን አንተ ነህ ያሸከምከኝ። እጅህን ስስምህ ዝም ብለህ ሰጠኸኝ።»

«እወድሻለሁ እኮ።»

«እኔም እወድሃለሁ። አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ እወድሃለሁ። ነገ ልጅ ብንወልድና አንድ ነገር ቢሆን ግን ጥፋቱን የማን እንደምታደርገው አሁን አውቄያለሁ።»

«እንግዲያው እኔንም ይቅር በይኝ። አንዴ ብቻ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። «አላገባህም ግን።»

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወረደች። ያለቀሰችው ሱቋ ደርሳ ወንበር ስትይዝ ነው። አክስቷ ጭንቅላቷን ሆዷ ላይ አስደግፋ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«በቃሽ?»

«በቃኝ።»

«ተነሺና ፊትሽን ታጠቢ። ያቺ ወፍራሟ ሴትዮ ለቀሚሷ ሁለት ጊዜ መጥታ ተመልሳለች፤ በሦስተኛው እኔን ነው የምትለብሰኝ።»

ልብስ ሰፊዋ አፍንጫዋን እየጠረገች ሳቀች።

ጀርባዋ የታጠፈው እንሽላሊት በአራተኛው ቀን ሞተች። እንቁላል ጠባቂው አባትየውን ለሐኪሟ አስረከበ አሉ፤ ወንድምና እህት የሆኑትን ሁለቱን ዳግመኛ በአንድ ቤት አላስቀመጠም። ሕንፃውን ግን አልለቀቀም፤ እሷም ሱቋን አልዘጋችም። ስለዚህ ደረጃ ላይ መገናኘታቸው አልቀረም። በተገናኙ ቁጥር እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፤ ጥፋቴን ታነሳብኛለች ብሎ ይጠብቃል።

«እንደምን ዋልክ?» ትለዋለች፤ ታልፋለች።

አንድም ቀን አላነሳችበትም።