ለድንቢጥ የሚሆን ብስክሌት

ብስክሌት መሸጫው ውስጥ ሳቁ ጣሪያ ሊነቅል ደርሷል።

ድንቢጥ አንድ ትልቅ ጥቁር ብስክሌት ላይ ተቀምጣለች። ተቀምጣለች ከማለት ተሰቅላለች ማለቱ ይቀላል። ጓደኞቿ ነርሷ በአንድ በኩል፣ መምህሩ በሌላው በኩል ደግፈው ይዘዋታል። እግሮቿ አየር ላይ ተንጠልጥለው ፔዳል ይፈልጋሉ፤ ፔዳሉ ደግሞ ከታች ሆኖ «ነይ እስኪ!» የሚላት ይመስላል።

«መሰላል ያለው የላችሁም?» አለች ነርሷ ወደ ባለሱቁ ዞራ።

«መሰላል ምን ያደርጋል? ካርቶን ውስጥ ከትቼ ከኋላዬ እጭናታለሁ» አለ መምህሩ። «ላዩ ላይ ‹ተሰባሪ ዕቃ፣ በጥንቃቄ ይያዝ› ብዬ እጽፍበታለሁ።»

ባለሱቁም ቀልዱ ተጋብቶበት፣ ከጓዳ አንድ ሮዝ የሕፃን ብስክሌት ከነደወሉና ከነደጋፊ ጎማዎቹ እየገፋ ብቅ አለ። ያኔማ ነርሷ ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ድንቢጥም ሳቀች። ከሁሉም በላይ ሳቀች። በቁመቷ ማነስ የተነሳ የወጣላት ቅጽል እናት አባቷ ያወጡላትን ስም ካስረሳ ቆይቷል፤ ሰው ሳይስቅባት ቀድማ መሳቁንም ከልጅነቷ ጀምሮ ተክናበታለች። ደግሞም ጓደኞቿ ክፋት የላቸውም። ሥራ በሌለ ቀን ኮረብታውን በብስክሌት ተሻግረው ወደ ሐይቁ ሲሄዱ እሷን ጥሎ መሄዱ ስለከበዳቸው ነው ዛሬ ጎትተው ያመጧት። የኮረብታው መንገድ ቀጭን ነው፤ መኪና አያሳልፍም፤ በእግር ደግሞ ሩቅ ነው። ስለዚህ ድንቢጥ ሐይቁን የምታውቀው ከወሬ ነው።

በሩ ላይ አንድ ረጅም ሰው ቆሟል። የተሰበረ ፍሬም ሊወስድ የመጣ ብረት በያጅ ነው። መቃኑ እንዳይመታው አንገቱን ሰበር አድርጓል። ከዚያ ሁሉ ሰው ያልሳቀ እሱ ብቻ ነበር።

«የረዘመው ብስክሌቱ ነው እንጂ እሳቸው አላጠሩም» አለ ቀስ ብሎ።

መምህሩ ቀና ብሎ አየው፤ ፊቱ ላይ ለመድረስ እንደገና ቀና አለ።

«ወንድሜ፣ አንተማ ከዚያ ላይ ሆነህ ስታየን ሁላችንም እኩል ነን!»

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ሰውየው ፈገግ ብሎ ወደ ድንቢጥ ተጠጋና ብስክሌቱን አረጋግቶ ያዘላት፤ እሷም ወረደች።

«ቅር ካላለዎት እኔ እሠራልዎታለሁ» አላት። «በልክዎ።»

በልክዎ! ይህችን ቃል ለሌላ ሰው ስትላት ነው የኖረችው። የምትሠራው መነጽር ቤት ነው፤ ሌንስ ትሞርዳለች፣ ፍሬሙን ከሰዉ አፍንጫና ጆሮ ጋር ታስማማለች። ለእሷ ግን ማንም እንዲህ ብሏት አያውቅም።

«መጀመሪያ ‹እርስዎ› ማለቱን ይተውት» አለችው፤ «ቁመቴ አይችለውም።»

ያኔ ሳቀ። ሲስቅ ዕድሜው ቀነሰ።

የበያጁ ቤት ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ነው። ያላለቁ የግቢ በሮች፣ የአልጋ እግሮች፣ የመስኮት ፍርግርጎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ቤቱ የተቃጠለ ብረት ይሸታል።

«እጅሽን ዘርጊ» አላት፣ ሜትሩን ይዞ።

ዘረጋች። ከትከሻዋ እስከ መዳፏ ለካ። ከወገቧ እስከ ተረከዟ ለካ። ሲለካ አይናገርም። ሰው ቁመቷን ሲያይ ከአናቷ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ እንደሚያይ ታውቃለች፤ የጎደለውን ነው የሚያየው። ይህ ሰው ግን ያለውን ብቻ ነው የሚለካው።

«እሳቱን በባዶ ዓይን እንዳታዪው» አለና የበያጅ መከላከያ ፊቷ ላይ አደረገላት።

በጥቁሩ መስታወት ውስጥ መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ድፍን ጨለማ። ከዚያ አንድ ኮከብ ወለል አለ። በኮከቡ ዙሪያ ብረቱ እንደ ማር ሲለሰልስ፣ ሲንቀለቀል፣ አንዱ ወደ ሌላው ሲፈስ አየች። ዕድሜዋን ሙሉ በመስታወት ውስጥ ስታይ ኖራ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም።

«ብረት እንዲህ ውኃ ይሆናል እንዴ?» አለችው እሳቱ ሲጠፋ።

«ይሆናል። እኔም እስካሁን አልለመድኩትም» አለ። «በየቀኑ ይገርመኛል።»

ሥራውን የሚወድ ሰው አይታ ታውቃለች፤ በሥራው የሚገረም ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስትወጣ እግሯ ወደዚያው ይወስዳት ጀመር። አንድ ቀን «ኮርቻውን ልሞክረው ነው» ስትል ነርሷ ሰማቻትና፣ «ኮርቻው እኮ ገና አልተገዛም፤ ምኑን ነው የምትሞክሪው?» ብላ ፊቷን አቀላችው።

ሜትሩን አፍንጫው ሥር አስጠግቶ እንደሚያነብ ያስተዋለችውም በነዚህ ቀናት ነው።

«አንተ! ዓይንህ እኮ አያይም!»

«ያያል። ትንሽ ያደናግረኛል እንጂ።»

እየጎተተች መነጽር ቤት ወሰደችው። ዓይኑን አስለካች፣ ሌንሱን ራሷ ሞረደች። መነጽሩ ያለቀ ቀን ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ፊቷ ከፊቱ በላይ ሲሆን ይህ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። መነጽሩን አፍንጫው ላይ አሳረፈች፣ ጆሮው ላይ የሚያርፈውን ጫፍ አስተካከለች።

በመስኮቱ አሻግሮ ተመለከተ።

«ቅጠሉ…» አለ። ድምፁ ተሰበረ። «ቅጠሉ አንድ በአንድ ነው እንዴ?»

ድንቢጥ ይህን ገጽታ ታውቀዋለች። ዓለምን አሁን የተፈጠረች ያህል የሚያይ ሰው ገጽታ ነው። ሥራዋን የምትወደው ለዚህ ነው።

ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። አያት። ዝም ብሎ አያት። መቆሚያው ጠፋት።

«ምነው? አስጠላሁህ?»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ሳላይሽ ነዋ የወደድኩሽ» አለ።

እጇ ጆሮው ላይ እንዳለ ቀረ።

ድንቢጥ የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው። አባቷ ገና ሳታውቃቸው ነው የሞቱት። ያለ ጊዜዋ ስለተወለደች እናቷ ለዓመታት ነፋስ እንዲነካት አልፈቀዱም፤ ዛሬም መንገድ ሲሻገሩ እጅጌዋን ይይዛሉ።

«ብስክሌት?» አንድ ሰው ብስክሌት እየሠራላት መሆኑን ስትነግራቸው እናቷ የሚያጥፉት አንሶላ ከእጃቸው ወደቀ። «በጥጥ ጠቅልዬ ያሳደግኳትን ልጅ ብረት ላይ ሊያወጣብኝ? ማነው እሱ?»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ሕፃን አይደለሁም።»

«ለእኔ ነሽ! ስትወለጂ ሐኪሙ ‹አይነጋላትም› ብሎኝ ነበር። በደረቴ ሙቀት ነው ያነጋሁልሽ። ታዲያ አሁን መኪና መሀል ልልቀቅሽ?»

ብለው አለቀሱ። ቢቆጡ ኖሮ መልስ አታጣም ነበር። ሲያለቅሱ ግን የወደቀውን አንሶላ አንሥታ ታጥፍላቸው ጀመር።

በማግስቱ በያጁ ዘንድ ሄዳ ደጁ ላይ ቆመች።

«ብስክሌቱ ይቅር» አለችው።

መነጽሩን አወለቀ፤ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ጠረገው።

«ብስክሌቱ ብቻ?»

መሬት መሬት አየች። ካሳደጓት እናቷ ደብቃ የምትወደው ሰው እንዲኖራት አልፈለገችም፤ ገልጣ ለመውደድ ደግሞ አቅም አጣች።

«እናት አስለቅሶ የተጀመረ ነገር መጨረሻው አያምርም» አለ መነጽሩን መልሶ እያደረገ። «እናትሽን አልቀየምም። አንቺንም አልረሳሽም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሥራ በሌላ መንገድ ሄደች። የበያጁ ደጅ ዛፍ ቅጠሉን አራገፈ፤ ማራገፉን እንኳ በወሬ ሰማች። ጓደኞቿም ቀልዱን ተዉት። መምህሩ ሳይቀር ድንቢጥ ማለቱን ትቶ በስሟ ይጠራት ጀመር፤ ያ ከቀልዱ ሁሉ ይልቅ አመማት።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ነርሷ እያለከለከች መነጽር ቤት ገባች።

«ድረሺ! እናትሽ በያጁ ቤት ገብተዋል! ዣንጥላቸውን እንደ ጎራዴ ጨብጠው!»

ድንቢጥ እየሮጠች ደረሰች፤ መግባቱን ግን ፈራች። ደጃፉ ላይ ከተደገፈ የብረት በር ጀርባ ተሸጉጣ በቀዳዳው አየች። እናቷ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በያጁ ፊታቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«ልጄ እህል አልቀምስ አለችኝ። ስጠይቃት ዝም ነው። ምን አድርገሃት ነው?»

«ምንም፣ እማማ። ልኳን ወሰድኩ። ከዚያ ወደድኳት።»

«ከዚያ ወደድኳት ይለኛል! ያንን ጉድ እስኪ አምጣው ልየው።»

ጥግ ላይ ያለውን ሸራ ገለጠው።

ሥራው አልቋል። ድንቢጥ አፏን በእጇ ያዘች። ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ትንሽ ነው፤ የሕፃን ግን አይደለም። መሪው፣ ኮርቻው፣ ጎማው፣ እያንዳንዱ ብረት ከሌላው ጋር ተስማምቶ፣ ትልቅ ብስክሌት ከሩቅ ሲታይ እንደሚያንሰው ሆኖ ቆሟል። የተቆረጠ ነገር የለውም። የተቀነሰ ነገር የለውም። ሲፈጠርም እንዲህ ነው።

እናቷ ከወንበራቸው ተነሱ። ዣንጥላውን ጣሉት። በጣታቸው ጫፍ ፍሬሙን ዳሰሱት፤ ብዙ ቆዩ።

«ስትወለድ» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «መዳፌ ላይ ነው ያኖሩልኝ። ጣቷን አየሁት፤ ጥፍር አለው። ቅንድብ አላት። አንድም የጎደለ ነገር የለም፤ ትንሽ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ መውጣቱን ማመን አቃተኝና ፈራኋት። ይኸው እስከ ዛሬ እንደፈራኋት አለሁ።»

ድንቢጥ እንባዋ በጣቶቿ መሀል ፈሰሰ። እናቷ የሚያዝኑላት ነበር የሚመስላት። ሲደነቁባት መኖራቸውን አላወቀችም።

«ፍሬኑ ይይዛል?» አሉ እናት እንባቸውን ጠርገው።

«ይይዛል፣ እማማ።»

«ብትወድቅስ?»

«ትወድቃለች» አለ። «ሳይወድቅ የለመደ የለም። ስትወድቅ ግን አጠገቧ ነኝ።»

እናት አንገታቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ፊቱን መረመሩት።

«አትወድቅም ብለኸኝ ቢሆን ዛሬ ዣንጥላዬን ትቀምሳት ነበር» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «አንቺም ነይ ውጪ። ጫማሽ በበሩ ሥር ይታያል።»

ልምምዱ መምህሩ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ሆነ። በያጁ ወገቡን አጥፎ፣ ኮርቻውን ይዞ አጠገቧ ይሮጣል። ወደቀች። ጉልበቷ ተላጠ። እናቷ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ነርሷን «አሁንስ?» ይሏታል። «ተነሥታለች፣ እማማ።» «አሁንስ?» «ወድቃለች።» «ውይ! አሁንስ?»

አንድ ከሰዓት በኋላ ድንቢጥ የሩጫው ኮቴ ከጎኗ መጥፋቱ ታወቃት። አሻግራ ስታይ እሱ ሜዳው ጫፍ ላይ፣ ባዶ እጆቹን አንጠልጥሎ ቆሟል። የያዛት ሰው የለም። ምድር በራሷ ፈቃድ ከሥሯ እየሸሸች ነው። ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ነፋሱ ሞላው።

«አሁንስ?» አሉ እናት።

ነርሷ አልመለሰችም። ዝምታው ቢያስፈራቸው ዞሩ። ልጃቸው ፀጉሯ ተበትኖ ስታልፍ አዩና እጃቸውን አገጫቸው ላይ ጭነው ቀሩ።

ሐይቁን ለማየት የሄዱ ዕለት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ኮረብታውን ሲወጡ መምህሩ ቀልድ አላቋረጠም። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ግን እሱም ዝም አለ።

ድንቢጥ ብስክሌቷን ደግፋ ቆመች። ከታች ውኃው እስከ ሰማዩ ድረስ ተዘርግቷል። የት እንደሚያልቅ፣ ሰማዩ የት እንደሚጀምር አይለይም። ደመና በላዩም በውስጡም ይሄዳል። ወፎች ከነሱ በታች ይበራሉ። ወፍን ከላይ ሆና አይታ አታውቅም፤ የወፍ ጀርባ እንዲህ እንደሚያበራ ማንም አልነገራት።

በያጁ ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሐይቁን አላየም።

«አግቢኝ» አላት።

መልሱ አፏ ላይ ነበር፤ ግን ይህን ያህል ትልቅ ነገር ቆሞ መናገር አልሆነላትም።

«ታች ስንደርስ እነግርሃለሁ» አለችና ብስክሌቷ ላይ ወጣች።

ቁልቁለቱ ተቀበላት። ሐይቁ ወደ እሷ ተነሣ። ከኋላዋ የበያጁ ብስክሌት ድምፅ ሲከተላት ሰማች፤ እየቀረበ መጣ፤ ጎን ለጎን ሆኑ። መነጽሩ ላይ ሰማዩ ተኝቷል።

«እሺ!» አለችው።

«ምን?» ነፋሱ ቃሏን ነጥቆት ሄደ።

«እሺ!»

«አልሰማሁም!»

በሙሉ ሳንባዋ ጮኸች። ከጀርባቸው፣ ከኮረብታው ወገብ ላይ፣ የመምህሩ ድምፅ እየተንከባለለ ወረደ፤

«እሺ አለችህ እኮ ሰውዬ! እኛ እንኳ እዚህ ሆነን ሰማን!»

ፍሬን የያዘ አልነበረም።