በሐኪሙ ጉሮሮ የተገኘው ቦታ ጠባቂ

ኑ ልጆቼ፣ ቀረብ በሉ። በር ላይ የቆማችሁትም ግቡና ተቀመጡ፤ የምነግራችሁ ቆሞ የሚሰማ ነገር አይደለም። ደም አለበት። ሆዱ የሚባባ ካለ አጠገቡ ያለውን ሰው እጅ ይያዝ፤ እኔም ቀስ ብዬ ነው የማወራው።

ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ክሊኒክ የልጆች ጥርስ ሐኪሞች ነበሩ። ታላቁ ሞቶ የተገኘው ከክሊኒኩ ጀርባ ባለው ሥራ ቤት፣ በጄሶ ዱቄት በነጣ ወለል ላይ፣ በጀርባው ተንጋሎ ነው። የራስ ቅሉ ከጆሮው በላይ ወደ ውስጥ ገብቷል። የተመታበት የብረት መዶሻ እዚያው ወድቋል፤ ደሙ ከጄሶው ጋር ተለውሶ እንደ ሊጥ ረግቷል። አፉን ሰው በግድ ፈልቅቆታል፤ የከንፈሩ ጥግ እስከ ጉንጩ ተተርትሯል። ጉሮሮው ውስጥ ደግሞ የሽቦ ቅስት ያላት ትንሽ የብረት ቀለበት ተሰንቅራለች።

ይህች ነገር ቦታ ጠባቂ ትባላለች። የልጅ መንጋጋ ጥርስ ጊዜው ሳይደርስ ከወለቀ፣ ግራና ቀኙ ያሉት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ይጋደማሉ፤ ከሥር የሚመጣው ቋሚ ጥርስ መውጫ ያጣል። ስለዚህ ቀለበቷ የኋለኛውን ጥርስ ታቅፋለች፣ ሽቦዋ ደግሞ ክፍተቱን ተሻግራ የፊተኛውን ትደግፋለች። ባለቤቱ እስኪመጣ ወንበር እንደሚይዝ ወዳጅ ናት። ለልጅ ተብላ የተሠራች ዕቃ በሰው ጉሮሮ ውስጥ መገኘቷ ነው ሰፈሩን ሁሉ ያስበረገገው።

ገዳዩ ወዲያው ተያዘ ተባለ። በዚያው ቀን ከምሳ በኋላ አንድ ብረት በያጅ፣ የሴት ልጁ ቦታ ጠባቂ አፏ ውስጥ ተሰብሮ ሊያንቃት ስለነበር፣ እየጮኸ ክሊኒኩ ድረስ መጥቷል። «ይሄንን ብየዳ ነው የምትሉት? እኔ የበየድኩት በር መኪና ገጭቶት እንኳን አልተላቀቀም። ራሱን ሐኪሙን ነው የማስውጠው» ሲል መንገደኛው ሁሉ ሰምቷል። ሬሳው እንደተገኘ ሰዎች ከሥራ ቦታው ጎትተው አወጡት። በድንጋይ የፊት ጥርሱን አረገፉት፣ የጎድን አጥንቱን ሰበሩት። ፖሊስ ባይደርስ እዚያው ይጨርሱት ነበር። አሁን እስር ቤት ነው፤ ደጁ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ግን «ስጡን» እያለ ነው። አንድ ቀን ከዘገየ በሩን ሰብረው እንደሚገቡ ሁሉም ያውቃል።

ምርመራው የተሰጠው ሰዎች «መርፌ» ለሚሏት ሴት ነው። ቀጭን ናት፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፤ ስትጠይቅ ግን የማይታይ ቦታ ገብታ ትወጋለች። አለቃዋ ያለቀ ጉዳይ ነው፣ ፈርመሽ ላኪው ብሏታል። እሷ ግን የሟቹን ጋዋን ኪስ ስትፈትሽ በፋሻ የተጠቀለሉ የወተት ጥርሶች አገኘች። ወደ መስኮቱ ወሰደቻቸው። አንዱም አልተቦረቦረም፣ አንዱም አልጠቆረም። ጤነኛ ነጭ ጥርሶች ናቸው፤ ሥራቸው ላይ ደም ደርቋል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ነርሷን ነው። ነርሷ ዓይኗ አብጦ ነበር። በያጁ ሲጮህ ሰምታለች፤ ከዚያ ዕቃ የሚቀቀልበት ማሽን እየተንጓጓ ሌላ ነገር አልሰማችም። ሥራዋን ጨርሳ ወደ ሥራ ቤቱ ስትገባ ነው ሬሳውን ያየችው። መርፌ ጥርሶቹን ስታሳያት ግን ፊቷን አዞረች።

«ከቆሻሻ መጣያው ነው የለቀማቸው» አለች።

«የማን ታካሚዎች ናቸው?»

«እህቴ፣ እኔ ነገር አላመላልስም።»

«አንቺ አላመላለስሽም፤ የጠየቅኩሽ እኔ ነኝ።»

«የታናሽ ወንድሙ» አለች ነርሷ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያልታመመ ጥርስ ይነቅላል። ከዚያ ቦታ ጠባቂ ካልገባ ይጣመማል ይላቸዋል። ወላጅ ምን ያውቃል? ታላቅየው ይሄን ሲያውቅ ጥርሶቹን ጠቅልሎ ኪሱ ከተታቸው።»

ቀጥሎ ቦታ ጠባቂዎቹን የሚሠራው ሰው መጣ። ፀጉሩና ቅንድቡ ሁልጊዜ ነጭ ስለሆነ «ጄሶ» ነው የሚሉት። የልጆቹን አፍ አምሳያ በጄሶ ያወጣል፣ ሽቦውን በዚያ ላይ ያጥፋል። በዚያ ሰዓት ጓሮ ሆኜ ዕቃ ሳጥብ ነበር አለ።

«መዶሻው የኔ ነው፣ ሥራ ቤቱም የኔ ነው፣ ያየኝ ደግሞ ቧንቧው ብቻ ነው» አላት። «እኔ አንቺን ብሆን እኔን ነበር የማስረው።»

«ወረፋህን ጠብቅ» አለችው መርፌ።

ታናሹን ሐኪም ያገኘችው እናታቸው ቤት ነው። አሮጊቷ አልጋ ላይ ናቸው፤ እሱ ትራሳቸውን እያስተካከለ ነበር። ቀኝ እጁ ላይ የሐኪም ጓንት አጥልቋል፣ ከሥሩ ፋሻ ይታያል። ውሻ ነክሶት እንዳይመረቅዝ ነው። በዚያን ቀን ሥራ አልገባም፣ ከጠዋት ጀምሮ እናቱን ሲያስታምም ነው የዋለው፤ በያጁንም በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ይህን ሁሉ ያለው ሳይጠየቅ ነው። መርፌ ወደ አሮጊቷ ዞረች።

«እማማ፣ እውነት እዚህ ነበር?»

«አዎ ልጄ፣ እዚሁ ነበር። መድኃኒቴን የሰጠኝ እሱ ነው» አሉ እናትየው። አንድ ልጃቸውን ሊቀብሩ ነውና የቀረውን እጅ ጨብጠው አልለቀቁም።

ከዚያ ወደ እስር ቤት ሄደች። በያጁ ፊቱ እንደ ዱባ አብጧል፣ ሲተነፍስ ጎኑን ይይዛል። እየቆራረጠ ነገራት። ክሊኒኩ ሲገባ ኮሪደሩ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ጭምብልና ቆብ ያደረገ ሰው አግኝቶ በእሱ ላይ ጮኸበት። ሰውየው መልስ ሳይሰጠው በሥራ ቤቱ በኩል ተሰወረ። ታላቁ ሐኪም ግን ቁጣውን እስኪጨርስ ጠብቆ ወንበር ሰጠው፣ የተሰበረውን አገላብጦ አየ፣ ጥፋቱ የኛ ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀው። ነገ አምጣት፣ እኔው እለካላታለሁ አለው። ልጅቷ ለጓደኞቼ ላሳይ ብላ ስለነበርም የተሰበረውን መለሰለት።

«ይሄን ለፖሊሶቹ ነግሬያለሁ» አለ በያጁ። «መልሶልሃል እንዴ፣ ታዲያ ጉሮሮው ውስጥ ምን ገባ ብለው በጥፊ መቱኝ።»

«ጭምብል ላደረገው ሰው ምን አልከው ወንድሜ? እንዳልከው በለኝ።»

በያጁ የታሰረ እጁን አንሥቶ የራሱን ቀኝ ጉንጭ ነካ። «ታች፣ በዚህ በኩል፣ ልጄን ልታንቋት ነበር አልኩት።»

መርፌ ሌላ አልጠየቀችም። ወደ በያጁ ቤት ሄደች። ልጅቷ እናቷ ቀሚስ ሥር ተሸጉጣ ነበር፤ ፖሊስ ሲመጣ አባቷን ወስደው እናቷንም ሊጨምሩ የመጡ መስሏታል። መርፌ መሬት ላይ ተቀመጠችና ጥርስሽን አሳዪኝ አለቻት። ልጅቷ መጀመሪያ አፏን ጠበቅ አድርጋ ዘጋች፤ በኋላ ግን የፈራች እንዳይመስል ብላ ይመስለኛል፣ እስከ ጉሮሮዋ ከፈተችው። ክፍተቱ በታች፣ በግራዋ በኩል ነው። ከእርሳስ መያዣዋም የተሰበረችውን ቀለበት አወጣች።

«አባዬ ነው የሰጠኝ። አንቺም ልትወስጂው ነው?»

«ለአባትሽ እንዲመሰክር ልዋሰው ነው፤ ከዚያ ይመለሳል» አለቻት።

በማግሥቱ ጠዋት መርፌ ሁሉንም በክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ወንበሮቹ ለልጆች የተሠሩ ናቸውና ትልልቆቹ ሰዎች ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ደርሶ ተቀመጡ። ነርሷ አለች፣ ጄሶ አለ፣ ታናሹ ሐኪም እናቱን ደግፎ ገብቷል፣ በያጁ እጁ በካቴና ታስሮ ቆሟል። ከውጭ የሕዝቡ ጩኸት ይሰማል።

መርፌ ሁለቱን ቀለበቶች ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ጄሶን ጠራችው።

«ይቺኛዋ የበያጁ ልጅ ናት» አለ ጄሶ፣ «የታች ግራ። እኔው ነኝ የሠራኋት፣ ብየዳዋ ላይ አጥፍቻለሁ። ከጉሮሮው የወጣችው ግን የታች ቀኝ ናት። የሰው አፍ ገብታ አታውቅም፤ ማጣበቂያ እንኳን አልነካትም። ከመደርደሪያዬ ላይ አንዱ አምሳያ ባዶውን ቀርቷል።»

«እንግዲህ እንያያዝ» አለች መርፌ። «በያጁ የዛተበት ቀለበት ቤቱ ነበር። የሐኪሙን ጉሮሮ የዘጋው ሰው ዛቻውን ሰምቶ፣ በያጁ ያደረገው እንዲመስል ከመደርደሪያ አዲስ አነሣ። የግራውም እዚያው አጠገቡ ተደርድሯል። ለምን ቀኙን አነሣ? ነርሷ፣ ሟቹ ለልጅቷ ሲገጥሙ፣ አፏን ይዛለች፤ ግራ መሆኑን ታውቃለች። ጄሶ ሠርቶታል፤ እሱም ያውቃል። ሁለቱ ቢሆኑ ግራውን ያነሡ ነበር።»

በያጁን ልጅህ በየት በኩል ነው ብላ ጠየቀችው። እሱም ሳያስብ ቀኝ ጉንጩን ነካ።

«አያችሁ፤ አባት ልጁን የሚያያት ፊት ለፊት ነው። የሷ ግራ እሱ ዘንድ በቀኝ እጁ በኩል ይውላል። ስለዚህ ሲያሳይ የራሱን ቀኝ ይነካል። ኮሪደሩ ላይ ሌላ ሰው ቢያገኘው ኖሮ የትኛው ጉንጭ እንደተነካ ልብም አይልም ነበር። የጥርስ ሐኪም ግን ሰው ቀኙን ሲነካ ቀኝ ብሎ ይይዛል፤ ሥራው ነው። ገዳዩ ጥርስ ያውቃል፣ የልጅቷን አፍ ግን አይቶት አያውቅም። የሚያውቀው የበያጁን ጣት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ነው፤ እሱም በያጁን አላየሁትም ብሎኛል።»

ታናሹ ሐኪም ሳቀ። «አንድ ደንቆሮ ጉንጩን ስላከከ እኔ ልሰቀል?»

«በዚያ አይሰቀሉም። ጓንትዎን ያውልቁ።»

ጄሶ ከጨርቅ ውስጥ አንድ የጄሶ አምሳያ አውጥቶ አስቀመጠ። የጌታውን ጥርስ ከሬሳው ላይ የቀረጸው እሱ ነው።

«ወንድምዎ በመጀመሪያው ምት አልሞቱም» አለች መርፌ። «ቀለበቷን ሲያስውጧቸው በሕይወት ነበሩ። ነክሰውዎታል። በጥርሳቸው መካከል የሰው ቆዳ አግኝተናል። የውሻ ንክሻ ከሆነ ከዚህ አምሳያ ጋር አይገጥምም፤ ያውልቁና እንየው።»

ሰውየው ከተቀመጠበት ተስፈንጥሮ ተነሣ። ከጋዋኑ ውስጥ የጄሶ መከርከሚያ ቢላ መዞ የመርፌን ክንድ እስከ አጥንት ሰነጠቀው፤ ሁለተኛውን ወደ አንገቷ አነሣ። የቀደመው በያጁ ነው። በተሰበረ ጎኑ ተወርውሮ በሁለት እጁ ካቴናውን ፊቱ ላይ አሳረፈበት። አፍንጫው ሲደቅ ድምፁ ተሰማ። ትንንሾቹ ወንበሮች ተበታተኑ፤ ፖሊሶቹ መሬት ላይ አስተኝተው ጓንቱን ገፈፉት። በጣቶቹ ላይ የሰው ጥርስ በግማሽ ክብ ተሰክቶ የነበረበት ቁስል አፉን ከፍቷል። ጄሶ አምሳያውን አስጠጋው። ገጠመ።

ያኔ እናትየው ተናገሩ።

«ከእንቅልፌ ስነቃ እጁን ሲያጥብ ነው ያገኘሁት» አሉ። «ውሻ ነው አለኝ። ፋሻውን የጠቀለልኩለት እኔ ነኝ። እፍ እያልኩለት።»

ከዚያ በኋላ እሱም አልደበቀም። ታላቅየው በስልክ ጠርቶት ጥርሶቹን አሳይቶ፣ ነገ ሄጄ ፈቃድህን አስነጥቅሃለሁ ብሎታል። የመጀመሪያውን ምት በንዴት መታሁት አለ። ወንድሙ ወድቆ ሲያቃስት ግን ኮሪደሩ ላይ የሰማው ዛቻ ትዝ አለው፤ ቀጥሎ ያደረገውን ሁሉ አስቦበት ነው ያደረገው። ሲጠራ እናቱን መድኃኒት ሰጥቶ አስተኝቶ ነበር የወጣው፤ በኋላ ለእማኝነት የተጠቀመው በዚሁ ነው።

በያጁ በዚያው ቀን ተፈታ። ደጁ ላይ «ስጡን» ሲል የነበረው ሕዝብ መንገድ ከፈተለት፤ ዓይኑን ለማየት የደፈረ ግን አልነበረም። ልጅቷ ሌላ ሐኪም ዘንድ ተለክታ ጄሶ አዲስ ሠራላት፤ ቋሚው ጥርሷ ሲመጣ ቦታው ተጠብቆለት ቀጥ ብሎ ወጣ።

አሮጊቷስ? አንዱን መቃብር፣ አንዱን ወኅኒ ወሰደባቸው። ሰው ምን ብሎ ደጃቸውን ይርገጥ? የገዳይ እናት ናቸው፣ የሟችም እናት ናቸው። ማጽናናት የፈለገ ሁሉ ቃል አጥቶ በሩቅ አለፈ። አንድ ከሰዓት ግን በያጁ ጎኑ በፋሻ እንደተጠመጠመ መጥቶ አንኳኳ። በሩ ሲከፈት እሱም ቃል አጣ። ቆመና ማጠፊያውን አየው።

«እማማ፣ ይሄ በር ይንጫጫል» አላቸው። «ላስተካክልልዎት?»

«ግባ ልጄ» አሉት።

እስኪመሽ ሠራ። ስለ ሞተውም ስለ ታሰረውም አላነሡም። በሚቀጥለው ሳምንት መስኮቱን ሊያይ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ አልጋው ተንጋደደ አለ፤ አልጋው ግን አልተንጋደደም ነበር።

ልጆቼ፣ ደሙን ብትረሱት አልቀየማችሁም። ይሄን ግን ያዙልኝ፤ ማንም የማያንኳኳው በር ስታዩ፣ የሚባል ነገር ባታገኙም እንኳን፣ እኒህን እናት አስታውሱና አንኳኩ።