የካንዴላው ጥርስ

ወይንሸት ደምሴን መጀመሪያ ያየችው ቬስፓውን እንደ ታመመ በሬ እየጎተተ በከተማው ግንብ በፈላና በር ሲገባ ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ሞተር የሚፈታ ሰው ቢጠይቅ የሟቹን መካኒክ ልጅ፣ የወይንሸትን ቤት አመላከቱት።

«ካንዴላው አልይዝ አለ» አላት።

ጎንበስ ብላ ካንዴላው፣ ሞተሩን በእሳት ብልጭታ የሚያስነሣው ብሎን፣ የሚታሰርበትን ቀዳዳ አየች። «ጥርሱን ጨርሰውታል! በጣት ሳያስጀምሩት ነው በቁልፍ የታገሉት?»

«በሙሉ ጉልበቴ።»

«መንግሥት መሆን ነበረብዎ።»

ሁለቱም ዞር ዞር ብለው አዩ። ሰሚ የለም። ያኔ ሳቁ።

ዘመኑ 1980 ነው። የጋራዡ ዕቃ ሁሉ ግንባር ሄዷል፤ ጎረምሳውም እንደዚያው። ወይንሸት በአባቷ መሣሪያ የሞተሩን ክዳን ፈታች። የተበላውን ቀዳዳ አስፍታ፣ አዲስ ጥርስ አውጥታ፣ ውስጡም ውጪውም ጥርስ ያለው የነሐስ ቀለበት ልታስገባ ነው። ሸዋ በር ያለው የብረት መቅረጫ ቶርኖ ቤት ቀለበቱን እስኪሠራ ደምሴ በየቀኑ ብቅ ይል ጀመር።

በየቀኑ! ወይንሸት ፈራች። ከመጋረጃው ጀርባ ወንድሟ ወርቁ ከብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ተደብቋል።

«እውነቱን ንገረኝ። ማን ነው የላከህ?»

«የላከኝ?»

«ሲያስል ሰምተሃል። አትካድ!»

ደምሴ አቀረቀረ። «ከመጀመሪያው ቀን ሰምቻለሁ። የምመጣው ግን... አንቺን ለማየት ነው። ቀለበቱ እኮ ከተሠራ ሰነበተ። ኪሴ ውስጥ ነው።»

ሳቋን ዋጠች። «አምጣ፣ ሌባ!»

የብረቱ ፍቅፋቂ እንዲጣበቅበት ጥርስ ማውጫ መሣሪያውን ግሪስ ቀባችው። ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ... እጁ እጇ ላይ ነበር። በሩ ተደበደበ።

ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ገቡ። ለሰፈራቸው ልጅ እንዳይራሩ ተብሎ ከሌላ ቀበሌ የተላኩ ናቸው፤ ማንንም በመልክ አያውቁም።

«ወርቁ የሚባለው የታለ?»

ከመጋረጃው ጀርባ ሳል አመለጠ። ደምሴ በላዩ ላይ ጮክ ብሎ አሳለና ተነሣ።

«እኔ ነኝ።»

ወይንሸት አፏን ከፈተች። ብትናገር ወንድሟ ይሄዳል፤ ዝም ብትል እሱ።

«እህቴ፣ ሥራሽን አታቋርጪ» አላት፣ ዓይን ዓይኗን እያየ። «ቀስ እያልሽ...»

ጥርስ ማውጫውን ግማሽ ዙር ወደ ፊት አዞረች። ወርቁ ነው ብለው ይዘውት ወጡ።

ቀለበቱን በዚያው ቀን እያነባች አስገባችው። በሳምንቱ ቬስፓዋ ወርቁን ድሬዳዋ አደረሰችው፤ ከዚያ ጅቡቲ ተሻገረ። ትምህርት ቤቱም ደምሴን «ኮብላይ» ብሎ ከደመወዝ ሰረዘው።

በጥር፣ ገና ሲነጋጋ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሯ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ በርቺ» አሉ ጎረቤቷ አቶ እንደሻው። «ወንድምሽ ወርቁ... ግንባር ላይ ወደቀ።»

ወይንሸት መሬቱ ላይ ተዘረጋች። ደረቷን መታች።

«ደምሴ! ደምሴዬ!...»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«አዬ ሐዘን!» አሉ አቶ እንደሻው፣ ዕንባቸውን እየጠረጉ። «የወንድሟን ስም እንኳ አስረሳት።»