ከአዳኙ የተገዛው ፍላጻ

ስልክ የሚያወራ መስሎኝ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።

ጎረቤቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሆነ ቀጭን ጥቁር ነገር ጆሮው ሥር ይዞ ያዳምጣል።

«ማን ነው?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ማን?»

«የደወለልህ።»

«ፍላጻ ነው እኮ፣ አንቺ ሴትዮ። ዝም በይ።»

ሳቄን ዋጥኩት። ሰውዬው ለየለት አልኩ በሆዴ። ምነው ያኔውኑ ወደ ሥራዬ በተመለስኩ...

ይሄን የምጽፍላችሁ ከጭንቅላቴ ፈጥሬ አይደለም። ሆኗል፤ ቆሜ አይቻለሁ። እየበላ የሚያነብ ካለ ሳህኑን ራቅ ያድርግ።

ሐሙስ ቀን ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታለች፤ ጨለማ የለ፣ መብራት አልጠፋ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እሱ ቀስትና ፍላጻ ይሸጣል፣ ይጠግናል። ሱቆቻችንን የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። የሄድኩት መቀሴን እንዲስልልኝ ነበር።

«የካርቦን ፍላጻ ሲሰነጠቅ ለዓይን አይታይም» አለኝ ፍላጻውን ለመጥ እያደረገ። «እንዲህ ታደርጊውና ታዳምጫለሽ። ቀጭ ካለ ታማሚ ነው። ታማሚውን ከወረወርሽው ገና ከቀስቱ ሳይወጣ ይበተንና እጅሽ ውስጥ ይገባል።»

«እጄ ውስጥ?»

«በመዳፍሽ ገብቶ በጀርባው ይወጣል።»

የሚመርጠው ለልጁ ነው። ልጅቷ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በዒላማ ውድድር ትወዳደራለች። እንደ አባቷ ችኩል ናት፤ ያገኘችውን አንስታ ትወረውራለች።

«ቀስቱን የምትይዝበት እጇ አንድ ነው» አለኝ፤ «መለዋወጫ አልያዝኩለትም።»

አስራ ሁለት ፍላጻዎች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። አደን ከተወ ሰውዬ ነው የገዛቸው። የአደን ፍላጻ ሥጋ ውስጥ መዝለቅ ስላለበት ከበድ ይላል፤ የዒላማው ቀለል ይላል፤ እነዚህ መካከለኛ ስለሆኑ ለሁለቱም ይሆናሉ አለኝ። ሰውዬው ደግሞ ምሎለታል። ጭድ የተሞላ ከረጢት ላይ ብቻ ነው የተለማመድኩባቸው፤ አንድም ነፍስ ያለው ነገር አልነኩም ብሎታል።

አንድ በአንድ መዘናቸው። አስራ አንዱ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ስድስት ግራም።

አስራ ሁለተኛው ሠላሳ አንድ።

«ቁርስ በልቶ መጥቷል» አልኩ።

አልሳቀም።

ፍላጻው እንደ ሸምበቆ ውስጡ ክፍት ነው። የኋላ ፕላስቲኩን ነቀለና ወደ ብርሃኑ አዞረው...

ሽታው ቀድሞ ወጣ።

እኔ የሰው ልብስ ስለካ፣ ሳጠብ፣ ስተረትር ሃያ ዓመቴ ነው። ያላሸተትኩት ብብት የለም። ይሄ ግን ሌላ ነው። የተረሳ ሥጋ ላይ ርካሽ ሽቶ የነፉበት ይመስላል። ከሽታው ቀጥሎ አንዲት ጠብታ ጠረጴዛው ላይ ወረደች። ቢጫ። የረጋ ቅባት የመሰለች።

ትከሻዬ ላይ የነበረውን ጨርቅ ስቦ ጠረጋት። ጨርቁን እዚያው ተውኩለት።

«ክር አለው» አለ አጎንብሶ እያየ። «ካርቦን ከክር ነው የሚሠራው። ተተርትሮ ይሆናል።»

በወረንጦ ያዘና ሳበው። ጥቁር፣ ቀጭን፣ እርጥብ። እየሳበ፣ እየሳበ... ክንድ ያህል ወጣ።

«አምጣው» አልኩት።

ክር የኔ ሥራ ነው። ጥጡን ከናይለኑ በጨለማ በጣቴ እለያለሁ። ያንን እንደነካሁት ግን ጣቴን በቀሚሴ ጠረግኩ፤ ደግሜ ጠረግኩ።

ለብ ያለ ነበር።

ጫፉ ላይ ነጭ ሥር ነበረው። ሥሩ ላይ ደግሞ ትንሽዬ... የራስ ቅል ቆዳ።

«ይሄ ፀጉር ነው» አልኩት።

ፍላጻውን ሚዛኑ ላይ መለሰው። ያንን ሁሉ ካወጣንለት በኋላ።

ሠላሳ ሦስት።

«ሚዛኑ ተበላሽቶ ነው» አለ። ሌላውን አስቀመጠ። ሃያ ስድስት። ያንን መለሰው።

ሠላሳ አራት።

«እስቲ አንቺ አዳምጪልኝ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ የሰማሁትን ከሰማሽ ንገሪኝ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ጎረቤት ሆኖብኝ ጆሮዬ ሥር አስጠጋሁት። ለመጥ አደረገው...

ቀጭ አላለም።

ያኝካል።

የሆነ ሰው አፉን ሳይዘጋ፣ ሳይቸኩል፣ እርጥብ ነገር ያኝካል። ምላሱ ከላንቃው ሲላቀቅ ሁሉ ይሰማኛል።

ከዚያ ማኘኩን አቆመ።

እያዳመጥኩት መሆኔን ያወቀ ይመስል... ዋጥ አደረገና ዝም አለ።

ፍላጻውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ወደ በሩ ስሮጥ ከልጅቷ ጋር ተጋጨሁ።

«አባ፣ መረጥክልኝ?» አለች፤ እኔን እንኳ ደህና አደርሽ አላለችኝም። ጠረጴዛውን ቃኘችና እጇን ሰደደች። ከአስራ ሁለቱ መሃል ቀጥታ ወደዚያኛው። «ይሄኛው ያምራል።»

«ተይው።»

«ልሞክረው...»

«ተይው አልኩሽ።»

ከጣቶቿ ሥር መነጨቀው። አንድ ቦታ ቢጥለው ነገ ፈልጋ እንደምታነሳው ያውቃል። ስለዚህ ደንበኞቹን ሁሉ እንዳታደርጉ እያለ የሚቆጣበትን ነገር ራሱ አደረገው። ጉልበቱ ላይ ሰበረው።

በባዶ እጁ። ካርቦን እጅ ውስጥ እንደሚገባ ከነገረኝ ገና ሩብ ሰዓት አልሆነም።

ሁለቱን ስባሪ አንስቼ በውስጣቸው አየሁ። በወዲያኛው ጫፍ መስኮቱ ይታያል። ባዶ። ደረቅ። ሽታ እንኳ የለም።

«ምን ሆናችኋል እናንተ?» አለች ልጅቷ።

አባቷ የግራ መዳፉን ያያል። መሃሉ ላይ አንዲት ጥቁር ስንጥር ተሰክታለች። ደም የለም።

ልጅቷን ሱቅ አስጠብቀን ጤና ጣቢያ ገባን። ሲስተሯ ወጣት ናት፤ ምንም የማይደንቃት ዓይነት። እጁን መብራቱ ሥር ዘረጋችውና ወረንጦዋን አነሳች።

«ስንጥር ነው?»

«ስንጥር ነው» አላት ቶሎ ብሎ። እኔን ደግሞ እንዳትናገሪ በሚል ዓይን አየኝ።

«እማማ፣ እርስዎ ፊትዎን ያዙሩ። ገርጥተዋል።»

እማማ። ገና ሃምሳ አልሞላኝም። ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አላጣላትም ነበር፤ ያን ቀን ግን እሺ ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እጅ ስለ መታጠብ የሚያስተምር ሥዕል ተለጥፏል። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት።

ከኋላዬ ያ ሽታ መጣ።

የብረት ሳህኑ ውስጥ የሆነ ነገር ይወርዳል... ለስላሳ፣ እርጥብ፣ በራሱ ላይ እየተጠቀለለ።

«ያምሃል?» አልኩት ሳልዞር።

«አያመኝም» አለ በሹክሹክታ። «ያሳክከኛል እንጂ።»

ሥዕሉን ለሦስተኛ ጊዜ ጨረስኩት። ድምፁ አልቆመም።

«ሲስተር፣ አላለቀም እንዴ? ስንት ሰዓት ትስቢዋለሽ?»

«እኔ እንኳ» አለች ሲስተሯ፣ «ወረንጦውን ካስቀመጥኩ ቆየሁ።»