በክር የተለካችው እባብ

የእባብ ቤቱ ተመራማሪ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቷል። የእጁ አንጓ ላይ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። እግሩ ሥር ዘበኛው በዱላ የጨፈለቃት፣ እንደ ጭራሮ የቀጠነች የጭራሮ እባብ ወድቃለች፤ በሩ አጠገብ ፖሊስ ጽዳት ሠራተኛዋን በካቴና አስሯታል።

«የእባቧን ሳጥን ዘግቼዋለሁ፤ ልጆቼ ይሙቱ!» አለች ሠራተኛዋ።

«ታዲያ እባቧ ቁልፍ ነበራት?» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም። የእባቦቹን መርዝ የሚያልበው እሱ ነው።

መርማሪዋ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ አንጓውን አየች። የቀዳዳዎቹ ደም ረግቶ ደርቋል።

«የጭራሮ እባብ እንዴት ነው የምትገድለው?» ስትል የሟቹን ሚስት ጠየቀች።

«ደም አልረጋ ብሎ፣ ከድድ ከአፍንጫ እየፈሰሰ። ቀናት ታሠቃያለች። ባሌ ግን ቁርስ ላይ ደህና ነበር።»

«ጠረጴዛው ላይ ያለው ክርስ?»

«መለኪያው ነው። ክሩን በእባቧ ጀርባ ዘርግቶ ጅራቷ ጫፍ ላይ ይቆርጠዋል። ዛሬ አዲሷን ሊለካ ነበር። የሚታወቁት የጭራሮ እባቦች አራት ዓይነት ናቸው፤ ወንድሙ አምስተኛዋን ከጫካ አመጣ። ባሌ በራሱ ስም ሊሰይማት ነበር።»

መርማሪዋ ክሩን በሞተችው እባብ ላይ ዘረጋችው። ክሩ በስንዝር በለጠ። የቤቱን ሰዎች ሁሉ ሰበሰበቻቸው።

«ደሙ ረግቷል፤ እንግዲህ ይቺ አልነደፈችውም። በዚህ ፍጥነት የገደለው ጡንቻ የሚያሽመደምድ የማምባ እባብ መርዝ ነው፤ ሁለቴ በመርፌ ተወግቷል። እያየ፣ እየሰማ፣ ጣቱን ማንቀሳቀስ አቅቶት ትንፋሹ ቆመ። ይሄ ፊት ለፊቱ የተሳበ ወንበር የገዳዩ ነው፤ ቁጭ ብሎ ተመልክቶታል።»

ሚስትየዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«ክሩ ከሞተችው እባብ ረዝሟል፤ ስለዚህ ሟቹ የለካት አዲሷን ነው። እሷ ግን ይኸው፣ ሳጥኗ ውስጥ ናት። ዘበኛ እንደሚጨፈልቃት ያወቀ ሰው መልሶ አስገብቷት ሌላ ተራ የጭራሮ እባብ ጣለ። ለሠራተኛዋ ሁሉም ያው እባብ ነው። ለአንዷ ብቻ የሚሳሳላት ማነው?»

ወንድምየው ዓይኑን ከአዲሷ እባብ ሳጥን መስታወት አልነቀለም።

«ትንኝ እየበላኝ ያገኘኋት እኔ! እሱ ‹አላቢ ስም አያወጣም› አለኝ።»

ካቴናው ከሠራተኛዋ እጅ ወልቆ ወደ እሱ ዞረ።

«በኔ ስም ትጠራልኝ» አለ። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«በሱ ስም ትጠራለች፤ እኔ ነኝ የማስጠራት» አለች ሚስትየዋ። «ላንተ እስር ቤት ቁጥር ይሰጡሃል።»